ያልበቀለችው ኩላሊቴና ያረጀው በግ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ

ውድ ወንድሜ ጋሼ ነመራ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ይባላል። ያንተን ጤና ግን እኔም አውቀዋለሁ፣ አንተም ታውቀዋለህ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ የምትታጠብበት ማሽንም ያውቀዋል። ስለዚህ እሱን ልለፈው። እኛ እዚህ ደህና ነን። ባለቤቴ ሶረቲ ሰላም ብላሃለች። እኔም ከአንዷ ኩላሊቴ ጋር ደህና ነኝ።

«አንዷ» የምትለዋን ቃል ስታይ ወረቀቱን እንዳትጥለው አደራ። ስልክ ብደውል አታነሣም። ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣህ ዕለት «አንድ ብቻ ናት ካልክ እሷኑ ላካት!» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከልብህ መናገርህ ገባኝና ሳቁ ጠፋ። ለሚጠይቅህ ሰው ሁሉ «ወንድሜ ፈርቶ፣ ሐኪም አባብሎ ሁለተኛ ኩላሊት የለውም አስባለ» እንደምትል ሎሚ ነግራኛለች። ሚስትህን አትቆጣት፤ ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ልጽፍልህ ተነሣሁ። በአማርኛ መጻፌም አይግረምህ። «እኛ በኦሮምኛ እንጣላለን፣ በአማርኛ ማመልከቻ እንጽፋለን» የምትለው አንተው ነህ። ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው በዚያ ዘመን ስለሆነ አፋችን አንድ ቋንቋ፣ እጃችን ሌላ ቋንቋ ይዞ ቀረ። ይህንንም እንደ ማመልከቻ ቁጠረው። ጥያቄው መጨረሻ ላይ ነው። ዘለህ እንዳትሄድበት፤ መሀሉን ካላነበብክ መጨረሻው ያናድድሃል።

ነገሩ የተበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ሎሚ ደውላ «እጥበቱ ብቻ አያዛልቀውም፣ ከዘመድ ኩላሊት ይፈለግለት አሉ» ስትል፣ ሳትጨርስ «እኔ አለሁ!» አልኩ። «እስቲ ልመርመር» ማለት ያባት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብድግ ብዬ ለምእመናኑ ሁሉ ተናገርኩ። ጋሼ፣ እንደዚያ ያለ እልልታ ለሠርጌም አልተባለልኝ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ልብና ኩላሊትን የምትመረምር ጌታ ሆይ» ብለው ረዥም ጸሎት ጸለዩልኝ። ጌታ መመርመሩን አልጠራጠርም። ምናለ ውጤቱን ቀደም ብሎ ሹክ ቢለኝ እላለሁ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንደ ሙሽራ ነው የኖርኩት። የሰፈሩ ሴቶች ለኩላሊት ይበጃል እያሉ የገብስ ጩኮ በቅቤ አሽተው ያመጡልኛል። የቧንቧ ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ዕቃ አያስነሣኝም፤ «ተው፣ እሷን ትጎዳታለህ» ይላል። እሷ የሚሏት ኩላሊቴን ነው። አምና የገጠምኩለት የውሃ ታንከር አፈሰሰ ብሎ ያኮረፈኝ ሰውዬ እንኳ መንገድ ላይ አቅፎ ይቅር አለኝ። እኔም አዲስ ኮት አሰፋሁ።

«ተኝተህ ለምትቀደድበት ኮት ምን ይሠራልሃል?» አለች ሶረቲ።

«ሽኝቱ ላይ እለብሰዋለሁ» አልኳት።

አንተ ጋ ከመምጣቴ በፊት ደሜና ኩላሊቴ እዚሁ ነቀምቴ ይታይ ተባለ። ኮቱን ለብሼ ሄድኩ። ደሜ ገጠመ። አልትራሳውንድ ያየችኝ ዶክተር ጂሩ የምትባል፣ ሳቅ የማይርቃት ወጣት ናት። ሆዴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ቀኙን አየችና «በጣም ጥሩ፣ እንዲያውም ተለቅ ይላል» አለች። ኮራሁ። ወደ ግራ ዞረች። መሣሪያዋን አመላለሰች። በጎኔ አስተኛችኝ፣ በሆዴ አስተኛችኝ፣ እንደ ቂጣ አገላበጠችኝ። ቀጥላ ሸሚዜን ከፍ አድርጋ ጎኔን ትፈትሽ ጀመር። ጠባሳ እየፈለገች እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

«ኦቦ ሌንጮ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?»

«በጭራሽ።»

«ታዲያ ግራ ኩላሊትዎ የት አለች?»

«እኔ ከቦታዋ አላነሣኋትም» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ሌላ ሐኪም ጠራች፤ እሱም አየ። የለችም። ከእናቴ ሆድ አንዷን ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሳላውቅ ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ ለሶረቲም ያልነገርኳትን ልንገርህ። «መስጠት አይችሉም» ሲሉኝ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደስ አለኝ። ፈርቼ ነበር ጋሼ። ቢላዋው፣ መርፌው፣ ተኝቶ አለመንቃቱ እየታየኝ ነበር የሰነበትኩት። ወዲያው ግን ያንተ ፊት መጣብኝና እዚያው አልጋ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ዶክተሯ ለኩላሊቴ ያለቀስኩ መስሏት «አይዞዎት፣ አንዷ የሁለቱን ሥራ ለመሥራት አድጋለች፣ በአንዷ ይኖራል» ትለኛለች። ፈርቷል ያልከው ግማሹ እውነት ነው። የለውም ያሉት ግን ሙሉው እውነት ነው።

ነቀምቴን ታውቃት የለም? ወሬው ቀድሞኝ ሱቄ በር ላይ ጠበቀኝ። አንዱ «ድሮ ሸጧት ነው» አለ። ሌላው «ታዲያ ኮቱን በምን ያሰፋው መሰላችሁ?» አለ። ጩኮ ያመጣችልኝ ሴትዮ ሳህኗን ልትወስድ መጥታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሄደች። ስሜም ተቀየረ። ገበያም ሂድ መናኸሪያ አሁን እኔ «ካሌ ቶኮ» ነኝ፣ አንድ ኩላሊት። ሶረቲ ደግሞ «አንድ ዐይን ያላት በአፈር አትጫወትም» ብላ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ታንከር እንዳልገጥም ከለከለችኝ። እንግዲህ መሬት ላይ ያለ ቧንቧ ብቻ ነው የምሠራው።

ሰው ሁሉ «እንዴት አንድ ብቻ?» ሲለኝ መልሱን ልጠይቅ ዶክተር ጂሩ ጋ ተመለስኩ። ሥራ ቀለል ብሏት ነበር መሰል፣ ወረቀት አውጥታ እየሣለች አስረዳችኝ። እኔም ለአንተ ላስረዳህ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ «ውሸት ነው» የምትል ከሆነ በደንብ አውቀህ በል።

ልጁ በእናቱ ሆድ ገና የሩዝ ፍሬ ሲያክል ነው ነገሩ የሚጀመረው። ኩላሊት አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ይሞከራል። መጀመሪያ ወደ አንገት አካባቢ ጥንድ ነገር ብቅ ይላል፤ ምንም ሳይሠራ ይጠፋል። ከሱ ዝቅ ብሎ ሁለተኛው ይሠራል። ይሄኛው ለጥቂት ሳምንታት ትንሽ ያጣራል፤ ከዚያ እሱም ይፈርሳል። ሦስተኛው ከሁሉም በታች፣ ዳሌ ውስጥ ይጀመራል፤ ዕድሜ ልካችንን የምንኖርበት እሱ ነው። የሰው ብቻ ሳይሆን የላሙም የበጉም የድመቱም እንዲሁ ነው አለችኝ።

ጋሼ፣ እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ይቅርታ ዶክተር፣ ሁለቴ ሠርቶ ሁለቴ ማፍረስ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እኔ እንዲህ ብሠራ ደንበኛዬ በዱላ ያባርረኛል።»

ሳቀች። «የፈረሰው ሁሉ አይጣልም እኮ። የሁለተኛው ዋና መስመር ይቀራል። ሦስተኛው የሚበቅለው ከዚያ መስመር ላይ ነው። ልጁ ወንድ ከሆነ ደግሞ ያው መስመር የዘር ፈሳሽ መተላለፊያ ሆኖ ያገለግላል።»

አሮጌ ቧንቧ ነቅሎ ከመጣል ለሌላ አገልግሎት ማዋል! ይህንንስ እኔም አደርገዋለሁ። ስለዚህ ቅሬታዬን አነሣሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ጉዳይ መጣች። ከዚያ መስመር ጫፍ አካባቢ እምቡጥ የመሰለች ነገር ታቆጠቁጣለች። አጠገቧ ገና ምንም ያልሆነ ሥጋ አለ። ሥጋው ጥሪ ይልካል፣ ንዪ ብሎ፤ በአፍ አይደለም፣ ሰውነት እርስ በርሱ በሚነጋገርበት ቅመም ነው። እምቡጧ ጥሪውን ተከትላ ሄዳ ሥጋው ውስጥ ትገባለች። ከገባች በኋላ በተራዋ እሷ ሥጋውን አትሙት፣ እደግ ትለዋለች። እሷ ቅርንጫፍ ታወጣለች፣ እሱ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ማጣሪያ ይሠራል። እንዲህ እየተጠራሩና እየተመላለሱ ነው ኩላሊት የሚሆኑት።

«ጥሪው ካልተላከስ?» አልኳት።

«እምቡጧ አትወጣም።»

«እምቡጧ ካልመጣችስ?»

«ሥጋው ትንሽ ይቆይና ይከስማል።»

«ታዲያ በእኔ ጊዜ ማን ነው ያጠፋው? ያልጠራው ነው ወይስ ያልመጣችው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አሁን ማወቅ አይቻልም ኦቦ ሌንጮ። ሁለቱም የሉም።»

እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ኩላሊቴን ረሳኋት። የታየኝ የአባታችን ግቢ በር ነው።

እህታችንን ሊሊሴን ሊጠይቁ የአንገር ጉቲን ሽማግሌዎች የመጡበትን ቀን መቼም አልረሳኸውም። አባባ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ራስ አንተ ነህ። ጠያቂው ልጅ ቢረሳው ይባላል፤ አባቱ ጋሽ አስናቀው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ያን ቆላ አቅንተው የሰፈሩ ሰው ናቸው። ነጭ ጋቢያቸው በመንገዱ አቧራ ቡኒ ሆኖ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። አንተ ወጣህ፣ «ዛሬ አይመቸንም» አልክ፣ በሩን ዘጋህ። ውሻችን እየጮኸ እስከ ዋናው መንገድ ሸኛቸው።

አገር ሁሉ «ሰፋሪ ናቸው ብሎ ነው»፣ «ኦርቶዶክስ ናቸው ብሎ ነው» አለ። አንተ ግን ወደ ቤት ስትገባ እጅህን እያፋተግህ በጆሮዬ «ጨዋ ሰዎች ናቸው! ለሦስተኛው ቀን ምን እንረድላቸው?» ነበር ያልከው። የአባባ ደንብ ነዋ! ሽማግሌ መጀመሪያ ከበር ይመለሳል፣ ሁለተኛ ከግቢ ይመለሳል፣ ሦስተኛ ቤት ይገባል። «ልጄ ገበያ ያደረ ጎመን አይደለችም፣ በአንድ ቀን አትወጣም» ይል ነበር። ዘመዶቻችን ሁሉ ይህን ደንብ ያውቁታል። ለጉቲን ሰዎች ግን ማን ነገራቸው? የጋብቻ ነገር ልጅቷ ፊት አይነሣም ተብሎ ለሊሊሴም የነገራት የለም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያን ቀይ አውራ በግ ገዝተህ መጣህ። ለሦስተኛው ቀን ተብሎ ጓሮ ታሰረ። ሽማግሌዎቹ አልመጡም። በጉ ወፈረ። አሁንም አልመጡም። በጉ ጠባዩ ከፋ። ሎሚን ከቧንቧው ሥር አባረራት፣ የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ በላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያጠኑ የመጡትን ሰዎች ከበር መልሶ ላከ። ለገና እንረደው ስንልህ «የሽማግሌዎቹ ነው» አልክ። ለፋሲካም «የሽማግሌዎቹ ነው» አልክ። እየቆየህ «ናቁን» ማለት ጀመርክ። በመጨረሻ ሊሊሴ ሻንጣዋን ይዛ ጉቲን ወረደችና ቢረሳውን አገባች፤ አንተም ሊሊሴ የምትባል እህት የለኝም አልክ። በጉ ግን አልተነካም። አርጅቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ በራሱ ጊዜ ሞተ። ከአጥሩ ጀርባ ጉድጓድ ስትቆፍርለት አይቼሃለሁ። ፊትህን ወደ አጥሩ አዙረህ ነበር የምትቆፍረው። ያኔ ለበግ ይህን ያህል ብዬ ገርሞኝ ነበር።

ከዶክተሯ ዘንድ በወጣሁ በማግስቱ ወደ አንገር ጉቲን ወረድኩ። የመንገዱን ነገር አታንሣብኝ፤ የቀረችኝ አንዷ ኩላሊት ከቦታዋ ተነሥታ ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር። ሙቀቱ ደግሞ ኮት አያስለብስም፤ እኔ ግን ለብሼዋለሁ። ሊሊሴ ደጅ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘኋት። ስታየኝ ብድግ ብላ «በጋ ነጋን ዱፍቴ!» ብላ አቀፈችኝ፤ እንኳን ደህና መጣህ ማለቷ ነው፣ ቋንቋዋንም አልረሳች። ሁለት ልጆቿ ቀሚሷን ይዘው ተመለከቱኝ። አንደኛው አንተን ነው የሚመስለው፤ ግንባሩን ቋጥሮ ሰው ያያል።

መታመምህን ሰምታ ኖሯል። የተፈለገው ኩላሊት መሆኑን ግን አልሰማችም። ስነግራት የያዘችውን በቆሎ ወረወረችብኝ።

«መጀመሪያ ለምን እኔን አልጠየቃችሁም?»

«ትከለክያለሽ ብለን ነዋ።»

«እናንተ ናችሁ የከለከላችሁኝ! ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው ሰምቶ እኔ አልሰማም? ነው ወይስ እኔ ኩላሊት የለኝም?»

«እሱን እንኳ ሳይታይ አትናገሪ» አልኳት፤ ከልምድ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።»

ቢረሳውን ታውቀዋለህ፣ አይናገርም። «ሊሊሴ ካለች አለች ነው» አለና ቀጥሎ ግን ራሱን አከከ። «አባቴን ማናገር አለብህ።»

ጋሽ አስናቀው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። የመጣሁበትን ሁሉ ሰሙኝ። ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ እያዟዟሩ እንዲህ አሉኝ፦ «ስማ አያ ሌንጮ። እሷ ልጄ ናት፣ ኩላሊቷም የራሷ ነው፣ ከልካይ አይደለሁም። ግን ወንድምህ በር ላይ አቁሞ መለሰን፤ ይመልሰን፣ ሽማግሌ መመለስ ያለ ነው። ቀን ግን አልቆረጠልንም! የፈለገ ሰው ከመኸር በኋላ ኑ ይላል፣ ከጾም በኋላ ኑ ይላል። ቀን ያልሰጠ ሰው አልፈልጋችሁም ማለቱ ነው። እኛም ይልክብን ይሆናል ብለን ጠበቅነ፣ ጠበቅነ፣ ወሬ የለም።»

«እሱም እናንተን ሲጠብቅ ነበር» አልኳቸው። የአባባን ደንብ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። «በግ ገዝቶላችሁ ነበር» አልኳቸው።

ዱላው ቆመ። «ምን ዓይነት በግ?»

«ቀይ። አውራ። ቀንዱ የዞረ።»

«ጥሩ በግ ነው። ታዲያ ምን አደረጋችሁት?»

«አስነክቶን? የሽማግሌዎቹ ነው እያለ ጠበቀ። በእርጅና ሞተ። ራሱ ቀበረው።»

ጋሽ አስናቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ወየው! በእኛ ስም በእርጅና የሞተ በግ!» ብለው ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሳሉ ሲቆም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጠረጉ፤ መጥረጉ ቶሎ አላለቀም። ሊሊሴም በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ኖሮ ወደ ውስጥ ገባች። ስለ በጉ እሷም አታውቅም ነበር ጋሼ። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ጓሮ ታስሮ የጮኸባት በግ የሷ ድግስ መሆኑን ማንም አልነገራትም።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ሽማግሌው ግን ሽማግሌ ናቸው። «እንግዲያው ከበር ተመልሰናል። ከግቢ መመለስ ይቀረናል። ከዚያ በሦስተኛው እንገባለን። ደንብ ደንብ ነው፤ የአባትህን ደንብ አላፈርስም» አሉ።

«ጋሽ አስናቀው፣ ሰውዬው ታሞ ነው ያለው! ምን ጊዜ አለው?»

አሰቡ። «ሁለተኛውን በስልክ እናድርገው» አሉ።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማታውቀው ቁጥር የተደወለልህና ያላነሣኸው እሳቸው ናቸው። ቆመው ነው የደወሉት፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልክ በር ላይ እንዳሉ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዘጋ። ስልኩን ለቢረሳው መለሱለትና ደስ ብሏቸው «ድምፃችን ግቢው ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። ሁለተኛውም ተፈጸመ» አሉ። እኔ ስልክ አለማንሣትህ እንዲህ ይጠቅመናል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው።

ሊሊሴን ይዤ ዶክተር ጂሩ ጋ ሄድኩ። ደሟ ካንተ ይገጥማል። ኩላሊቷ ሲታይ እኔ ከአጠገቧ ቆሜ በጣቴ እቆጥር ነበር። ዶክተሯ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ «ሁለት፣ በየቦታቸው» አለች። «እስቲ የኔም ካለች ፈልጊልኝ» አልኳት። ሊሊሴ ሆዷ ላይ ቅባቱ እንዳለ ሳቀችና ምስሉ ሁሉ ተበላሸ፤ እንደገና ተጀመረ።

ያን ዕለት የሰማሁትን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ኩላሊት ዳሌ ውስጥ ይጀመራል ብዬህ የለ? እዚያ አይቀርም፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ እስከ ጎድን አጥንት ሥር። በየደረሰበት አዲስ የደም መስመር ይይዝና የታችኛውን ይለቃል። አስበው፣ ውሃው ሳይቋረጥ! እኔ አንድ ቤት መስመር ለመቀየር ሰፈሩን ሙሉ ነው የማስጮኸው። «ታዲያ ለወንድሜ የሚገባለት የት ነው፣ ጀርባው ላይ?» ብላት፣ የለም አለች፤ የሚሰፋው ታች ነው፣ ብሽሽት አካባቢ፣ የቀድሞዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። ስለዚህ ሁሉም በሰላም ካለቀ ሦስት ኩላሊት ይኖርሃል። እኔ አንድ፣ አንተ ሦስት። ድሮም ታላቅ ነህ፣ ድርሻህ አይጎድልብህም።

የቀረውን ምርመራ የአዲስ አበባ ሐኪሞች ይጨርሱታል። እስከዚያ በዚህኛው ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፤ ቤተ ክርስቲያንም ኋላ ወንበር ላይ አፌን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ሊሊሴን «የምትልኪው ቃል አለ?» አልኳት። «ቂም ይዤ ኩላሊት ብሰጠው አይሠራለትም። ስለዚህ ትቼዋለሁ በለው» አለች። ጨምራም «እሱም ይተወው፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ሁለታችንም ተጎዳን» አለች። ይህንን ስትል እንደ እማማ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

አሁን ወደ ማመልከቻው።

ቅዳሜ ጧት ተነሥተን እንመጣለን። ጋሽ አስናቀው፣ ቢረሳው፣ ሊሊሴና እኔ። ቀይ በግ አብሮን አለ። ሽማግሌ በግ ይበላል እንጂ ይዞ አይሄድም ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ «ይሄኛው እንዲያረጅ አልፈልግም» አሉኝ። ማንጎ በጫነ አይሱዙ ላይ ቦታ ተገኝቶለታል፤ መንገድ ላይ አኖ ከተማ ቁርስ ስንበላ እሱንም አውርደን ሣር እናበላዋለን። ሎሚ ታውቃለች፤ አዲስ አበባ የተከራያችሁበትን ግቢ ዋና በር ክፍት ትተወዋለች። የቤቱን በር ግን እንድትከፍት ከልክያታለሁ። እሱ ያንተ ሥራ ነው።

ጋሽ አስናቀው ደጃፍህ ላይ ይቆማሉ። ማንጎ ዛፋቸው ሥር ሲለማመዱት የሰማሁት ይህን ነው፦ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተን ነበር። ልጃችሁ እኛ ጋ ናት፣ ደህና ናት፣ ሁለት ወልዳለች። ዛሬ የመጣነው ልንወስድ አይደለም፣ ከእሷ የምንሰጣችሁ አለን። እሺ በሉን።» እሺ እስክትላቸው አይቀመጡም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ጋሼ፣ አታስቁማቸው። ሊሊሴ ከኋላቸው ትሆናለች፤ ያን ቀን ከማጀት በር ጀርባ ሆና እንደሰማችው ዛሬም ትሰማሃለች።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዛሬ አይመቸንም» እንዳትል። እኒህ ሰው ሲመልሷቸው የሚመለሱ ሰው ናቸው፤ ጉቲን ወርደው ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል። አንተም እዚያ አልጋ ላይ ሆነህ ትጠብቃቸዋለህ። ጨዋነታችሁን አውቀዋለሁ፤ ሁለታችሁም ጨዋ እንደሆናችሁ ትሞትብኛለህ። በኔ በግራ ጎኔ የሆነውን አየህ፤ ማን እንዳልጠራና ማን እንዳልመጣ የሚነግረኝ እንኳ አልተረፈም። በኛ ቤት ግን ሁላችሁም ገና አላችሁ።

«ግቡ» በል። በኦሮምኛም በል፣ በአማርኛም በል፣ እሳቸው ሁለቱንም ይሰማሉ። ቃሉ አልወጣ ካለህ በሩን ብቻ ክፈትና ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር። በጉ ቀድሞ ይገባል፤ ገመዱን የያዙት ደግሞ ጋሽ አስናቀው ናቸው።

ትርፍ ኩላሊት የሌለው፣ ትርፍ ታላቅ ወንድምም የሌለው፣

ሌንጮ